ሃምሳ ሳንቲሟ የከበደችበት መድረክ፦ «ዘቢብ በፀሐይ» በአማርኛ

ተውኔቱ የሚከፈተው በሰዓት ደወል ነው። መድረኩ ገና እንደጨለመ ከመኝታ ክፍሉ ደወሉ ይጮኻል፤ ሩት እንቅልፍ ባልለቀቀው ፊት ወጥታ የመስኮቱን መጋረጃ ከፍ ታደርግና ሳሎኑ ውስጥ ሶፋ ላይ የተኛውን ልጇን ትወዘውዘዋለች። ልጁ እየተነጫነጨ ይነሳል፣ አንሶላውን ያጥፋል፣ ትራሱን ከብርድ ልብሱ ጋር ጠቅልሎ ያነሳል፤ አልጋ የነበረው ነገር ተመልሶ ሶፋ ይሆናል። በዚህ ዝግጅት ይህ ሁሉ 2 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ «ተነስ» ከሚለው በቀር ይህ ነው የሚባል ንግግርም የለበትም። አዘጋጁ አልቸኮለም። በዚህ ቤት ለልጅ የሚሆን አልጋ እንደሌለ ተመልካቹ ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

የሎሬይን ሃንስበሪ ተውኔት ከዚህ ዓይነት ጥቃቅን ነገር የተገነባ ነው። በ1959 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኒው ዮርክ በሚገኘው ኢተል ባሪሞር ቴአትር ሲከፈት፣ ሃንስበሪ ሥራዋ ብሮድዌይ በሚባለው የኒው ዮርክ ዋና የቴአትር ሰፈር የታየላት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ጸሐፌ ተውኔት ሆነች። አዘጋጁ ሎይድ ሪቻርድስም ብሮድዌይ ላይ ድራማ ያዘጋጀ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ነው። 530 ጊዜ ታየ። ርእሱ የተወሰደው ከላንግስተን ሂዩዝ ግጥም ነው፤ በይደር የቆየ ሕልም ምን ይሆናል፣ ፀሐይ ላይ እንደተተወ ዘቢብ ይደርቃል ወይ ከሚለው ጥያቄ።

ታሪኩ ቺካጎ ደቡባዊ ክፍል ባለች ጠባብ የኪራይ ቤት ውስጥ ያልቃል፤ ከሳሎኑ አንወጣም። ባሏ የሞተባት ሊና ያንገር፣ የሰው መኪና የሚነዳው ልጇ ዎልተር ሊ፣ የሰው ቤት የምትሠራው ሚስቱ ሩት፣ ሐኪም እሆናለሁ ብላ የምትማረው እህቱ ቢኒታ፣ የባልና ሚስቱ ልጅ ትራቪስ፤ በድምሩ አምስት ነፍስ። የሟቹ አባት የሕይወት ኢንሹራንስ 10,000 ዶላር በፖስታ ሊመጣ ነው። ዎልተር የመጠጥ መደብር ይከፍትበት ዘንድ ይቃዣል፤ እናቱ ግቢ ያለው ቤት ታልማለች፤ ቢኒታ የሕክምና ትምህርቷ አለ። ሩት ደግሞ ማንም ያልጠየቃት አንድ ምሥጢር በሆዷ ይዛለች።

ይህ ተውኔት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሂሳብ ተውኔት ነው። ሳንቲም ይቆጠርበታል፣ ክፍል ይቆጠርበታል፣ ሽንት ቤት ለመግባት ተራ ይቆጠርበታል። አሁን በአማርኛ የቀረበው ዝግጅት እነዚህን ነገሮች በትዕግሥት በቆጠረበት ቦታ ሁሉ ልብ ይነካል። ስሜቱን ከሙዚቃና ከጩኸት በተበደረበት ቦታ ደግሞ ይወድቃል። ሁለቱም በአንድ ምሽት፣ አንዳንዴም በአንድ ትዕይንት ውስጥ ይታያሉ።

ከቤቱ እንጀምር። የመድረኩ አፍ 9 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ የተሠራው ቤት ግን ከ5.5 ሜትር አይበልጥም። ግራና ቀኙ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኖ ባዶውን ተትቷል። ብዙ አዘጋጅ መድረክ ካገኘ ሞልቶ ነው የሚጠቀምበት፤ ያን ጊዜ ድሃ የተባለው ቤት እንደ አዳራሽ ይንጣለልና ተዋናዮቹ «ጠበበን» ሲሉ ማንም አያምናቸውም። እዚህ በሶፋውና በምግብ ጠረጴዛው መካከል የቀረው መተላለፊያ 60 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ የግድ በጎኑ መዞር አለበት። ሩት ልብስ መተኮሻውን ስትዘረጋ መንገዱ ጭራሽ ይዘጋል። ዎልተር ተናድዶ ሊወጣ ሲል መተኮሻው ላይ ደርሶ ይቆማል፣ እሷ እስክታነሳለት ይጠብቃል፣ ከዚያ ይወጣል። የባልና ሚስቱን ኩርፊያ ከዚያ በላይ የሚያሳይ ንግግር አልነበረም።

ምንጣፉ መሐሉ ላይ ተገጥቧል፤ ወንበር አንዱን የተገጠበ ቦታ ለመሸፈን ከቦታው ፈንጠር ብሎ ተቀምጧል። የሶፋው ክንድ በእጅ ሥራ ዳንቴል ተሸፍኗል። ድህነትን በቆሻሻና በግድግዳ ላይ በተለቀለቀ ጥላሸት ማሳየት ቀላል ነበር። ሊና ግን ንጹሕ ሴት ናት፤ ቤቷ ያረጀው በመታጠብና በመጠረግ ብዛት ነው። የመድረክ ባለሙያው ይህን በሚገባ አንብቦታል።

አንድ የግንባታ ጉድለት ግን መስተካከል አለበት። የመውጫው በር ከሸራው ግድግዳ ጋር አንድ ላይ ስለተያያዘ ዎልተር በሩን ሲወረውረው ግድግዳው በሙሉ ይርገበገባል፤ የተሰቀለው ፎቶም ይወዛወዛል። በዚህ ተውኔት በር ደጋግሞ ይወረወራል፣ ስለዚህ ጉዳዩ ጥቂት የሚባል አይደለም። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፦ የበሩን መቃን ከግድግዳው ለይቶ ራሱን ችሎ ከወለሉ ጋር በብሎን ማሰር፣ ከጀርባው በሁለቱም በኩል ሰያፍ ድጋፍ ማቆም፣ ድጋፉ እግር ላይ ክብደት መጫን፣ በግድግዳውና በመቃኑ መካከል ጣት የምታህል ክፍተት ትቶ በጨርቅ መሸፈን። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

የመብራቱ ነገር ግማሽ ድል ነው። ቤቱ ያለው አንድ ትንሽ መስኮት ብቻ ነው፤ የሊና አበባ የሚኖረውም እዚያ ነው። ጠዋት ላይ ብርሃኑ በዚያች መስኮት ብቻ ገብቶ የጠረጴዛውን ጫፍ ነክቶ ሲያበቃ ያምራል። ችግሩ ከፊት ለፊት የሚመጣው መብራት ነው፤ ፊት እንዲታይ ተብሎ ከመጠን በላይ ተከፍቷል። ሊና ስለ ፀሐይ እጦት ስትናገር ክፍሉ ቦግ ብሎ በርቷል። የፊቱን መብራት በሦስተኛ እጅ ያህል ቢቀንሱትና ለፊት የሚሆነውን ከጎን ቢያመጡት ተዋናዮቹም ይታያሉ፣ ቤቱም የሚገባውን ያህል ይደበዝዛል።

አሁን ወደ ሃምሳ ሳንቲሟ። ትራቪስ ለትምህርት ቤት 50 ሳንቲም እናቱን ይጠይቃል፤ የለኝም ትለዋለች። ዎልተር ይሰማና አባት መሆኑን ለማሳየት ከኪሱ አውጥቶ ይሰጠዋል፤ እዚያ ላይ አልቆመም፣ ፍራፍሬ ግዛበት ወይም ታክሲ ያዝበት ብሎ ሌላ 50 ይጨምርለታል። ልጁ ይሄዳል፤ ዎልተርም ወደ ሥራው ይወጣል። ከዚያ በሩ ይከፈታል። የትራንስፖርት አጥቶ ነው የተመለሰው። ሚስቱን ሊለምን።

ዎልተርን የሚጫወተው ተዋናይ ይህን እንዴት እንደሠራው ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ለልጁ የመጀመሪያዋን ሳንቲም ሲሰጥ ዓይኑ ሩት ላይ ነው። ሁለተኛዋን ሲያወጣ እጁ ኪሱ ውስጥ ትንሽ ይቆያል፤ ጣቶቹ ሲፈልጉ ከጨርቁ በላይ ይታያል። ያገኛት የመጨረሻዋ እንደሆነች ያን ጊዜ አወቅን። ተመልሶ ሲመጣም ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ የበሩን እጀታ እንደያዘ፣ አንድ እግሩ ውጭ እንዳለ ይጠይቃል። ሩት ቦርሳዋን ከፍታ ስትሰጠው አትስቅም፣ አትቆጣም፤ ታክሲ ያዝበት ብላ ራሱ ለልጁ ያለውን ቃል ትመልስለታለች። አዳራሹ ሳቀ፤ ሳቁ መሐል ላይ ተቆረጠ። ከዚህ የተሻለ ትወና በምሽቱ ሁሉ አልታየም፤ የተሠራውም በአንዲት ሳንቲም ነው።

ከዚያው ትዕይንት የተበላሸውም ነገር መነገር አለበት። ዎልተር ስለ ሕልሙ ሲናገር ሚስቱ እንቁላልህን ብላ ትለዋለች፤ እንቁላሉ እየቀዘቀዘ ነው። የተውኔቱ አንዱ ምሰሶ ይህ ነው። በዚህ ዝግጅት ግን ሳህኑ ባዶ ነው። ከታች የተቀመጠ ሰው ላያስተውል ይችላል፤ ፎቅ ላይ ያለው ግን ተዋናዩ ባዶ ሳህን ላይ ሹካ ሲያንሸራትት ጥርት አድርጎ ያያል። የመጥበሻው ድምፅ ደግሞ ከቀኝ ድምፅ ማጉያ ይመጣል፣ ምድጃው ያለው በግራ ነው። አስቀድሞ የተጠበሰ እንቁላል በክዳን ሸፍኖ ምድጃው ላይ ማቆየትና አነስተኛ ድምፅ ማጉያ ከምድጃው ጀርባ መደበቅ ይቻላል። የድምፅ ባለሙያው መጥበሻው ምድጃው ላይ ሲቀመጥ እንጂ ሩት ወደ ምድጃው መሄድ ስትጀምር መክፈት የለበትም፤ በምሽቱ ከ1 ሰከንድ በላይ ቀድሞ ነበር።

ትርጉሙ ለብቻው ሊጻፍለት የሚገባ ሥራ ነው። ተርጓሚው ዶላሩን ዶላር አድርጎ ትቶታል፤ ቺካጎም ቺካጎ ናት። ደግ አድርጓል። እውነተኛው ፈተና ያለው በአንተታና በአንቱታ ላይ ነው፤ እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ ቃል ነው ያለው። በእንግሊዝኛው ሩት አማቷን ብዙ ጊዜ በስሟ ሊና ብላ ትጠራታለች። በአማርኛ ምራት አማቷን በስሟ ብትጠራ ድፍረት ይሆናል፤ ተርጓሚው ስለዚህ «እማማ» እያስባለ አንቱ አስብሏታል። ዎልተርና ቢኒታ ግን እናታቸውን «እማዬ» እያሉ አንቺ ይሏታል። በዚህ ምክንያት እንግሊዝኛው ላይ የሌለ ነገር ተወለደ፦ ሩት ከዚህ ቤት ጋር በጋብቻ የመጣች መሆኗ በየዓረፍተ ነገሩ ይሰማል። ሕክምና ወደማታውቅ ሴት ዘንድ ሄዳ ፅንሱን ለማስወረድ 5 ዶላር ቀብድ መክፈሏ ሲወጣ፣ ሊና ከልጇ ይልቅ ለምራቷ ስትቆም፣ ያ «አንቱ» ሲሰማ ከነበረው በላይ ከበደ።

የበለጠ የሚደነቀው የሊንድነር ቋንቋ ነው። ካርል ሊንድነር ቤተሰቡ ሊገባበት ካሰበው ክላይበርን ፓርክ ከሚባለው የነጮች ሰፈር የመጣ የነዋሪዎች ማኅበር ተወካይ ነው፤ አትምጡብን ለማለት የቤቱን ዋጋ ትርፍ ጨምሮ ሊከፍል ይፈልጋል። በእንግሊዝኛው ደጋግሞ «እናንተ ሰዎች» ይላል፤ ንቀቱ እዚያ ውስጥ ነው። አማርኛ ግን «እናንተ»ን ለብዙ ሰው ያለ ክፋት ስለሚጠቀምበት ቃሉ በቀጥታ ቢመጣ መርዙ ይረግፍ ነበር። ተርጓሚው «እንደናንተ ያሉ ሰዎች» አደረገው፤ አስማማው። በመጨረሻ ሲወጣ ደግሞ ሊንድነር ዎልተርን «ሰን» ብሎ ይጠራዋል። «ልጄ» ተብሎ ቢተረጎም የፍቅር ቃል ይሆን ነበር። ይህ ትርጉም እስከዚያ ድረስ «እርስዎ» ሲል የቆየውን ሰውዬ በሩ ላይ ሲደርስ በድንገት ወደ «አንተ ልጅ» ያወርደዋል። አዳራሹ ውስጥ «እህ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ስድቡ በትክክል ደረሰ።

ሊንድነርን የሚጫወተው ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ መያዙ ትክክል ነው። በ1959 ሚናውን የሠራው ጆን ፊድለር ቀጭንና ለስላሳ ድምፅ የነበረው ተዋናይ ነው፤ በ1961ዱ ፊልምና በ1989ኙ የቴሌቪዥን ቅጂ ላይም ያንኑ ሰው ተጫውቷል። ሊንድነር ኮፍያውን በእጁ እያዟዟረ፣ ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ይቅርታ እየጠየቀ ሲናገር ነው የሚያስፈራው። ቁጡ ሆኖ ቢገባ ቤተሰቡ ገና ከበሩ ይመልሰዋል፤ ወንበር ስበው ያስቀመጡት ጨዋ ስለመሰላቸው ነው።

እዚህ ላይ አዘጋጁ የሠራው ትልቁ ስሕተት ይመጣል። የጎረቤቷ የወይዘሮ ጆንሰን ትዕይንት ሙሉ በሙሉ ተቆርጧል። በ1959ም ሰዓት ለማሳጠር ተቆርጦ ነበር፤ በኋላ በወጡ የጽሑፉ እትሞችና ዝግጅቶች ግን ተመልሷል። ይህች ሴት ጋዜጣ ይዛ ትመጣለች፤ ጋዜጣው ላይ የነጮች ሰፈር የገቡ ጥቁሮች ቤታቸው በቦምብ መመታቱ ተጽፏል። ትዕይንቱ አስቂኝ ስለሆነ የሚቆረጥ ይመስላል፤ ነገር ግን የተውኔቱን አደጋ የሚነግረን እሱ ነው። እሱ ሲወጣ ሊንድነር ነገረኛ ሰውዬ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ በመጨረሻ ቤተሰቡ ዕቃውን ጭኖ ሲወጣም ተመልካቹ ለዕድገት የሚያጨበጭብ እንጂ ወደ ምን እንደሚሄዱ የሚሰጋ አይሆንም። በምሽቱ የሆነውም ይኸው ነው፤ ጭብጨባው ሞቅ ያለ ነበር፣ ፍርሃት ግን አልነበረበትም።

ሃንስበሪ ይህን ከራሷ ሕይወት ታውቀዋለች። አባቷ ካርል ሃንስበሪ በ1937 ቺካጎ ውስጥ ለጥቁር እንዳይሸጥ ውል በታሰረበት ሰፈር ቤት ገዝቶ ቤተሰቡን አስገባ፤ ሕዝብ ተሰብስቦ መጣባቸው፣ ወደ ቤቱ የተወረወረ ነገር ሕፃኗን ሎሬይንን ለጥቂት ነው የሳታት። ክሱ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1940 ቤተሰቡ ቢያሸንፍም ፍርዱ በሥነ ሥርዓት ጉዳይ ላይ የቆመ ነበር። እንዲህ ያሉ ውሎች በፍርድ ቤት እንዳይፈጸሙ የተወሰነው በ1948 ነው። የሊንድነር ማኅበር በፍርድ ቤት ፈንታ በገንዘብ የሚመጣው ለዚህ ነው፤ የቀረው መንገድ ወይ ገንዘብ ወይ ቦምብ ነው። ወይዘሮ ጆንሰን ሁለተኛውን ይዛ ትመጣለች፣ ሊንድነር አንደኛውን። አንዱን ቆርጦ ሌላውን ማስቀረት ታሪኩን ግማሽ ያደርገዋል። ትዕይንቱ ቢመለስ የሚጨምረው 10 ደቂቃ ያህል ነው፤ ያ 10 ደቂቃ ደግሞ ከሌላ ቦታ በደንብ ይገኛል።

ከየት? ከሙዚቃው። ሊና ስለ ባሏ በተናገረች ቁጥር፣ ሩት ባለቀሰች ቁጥር፣ ዎልተር ዝም ባለ ቁጥር ቫዮሊን ይገባል። ቼኩ የመጣበትን ጊዜ እንመልከት። ፖስተኛው የበሩን ደወል ደውሎ ትራቪስ ሮጦ ወርዶ ፖስታውን ይዞ ይመጣል፤ ሊና ትቀበላለች፤ አትከፍተውም። ትይዘዋለች። ከፍታ ቁጥሩን ስታነብ፣ ዜሮዎቹ ልክ መሆናቸውን ልጁን ስታስቆጥር ፊቷ እየከሰመ ይሄዳል፤ የባሏ ዋጋ ወረቀት ላይ ተጽፎ እያየችው ነውና። ተዋናይቷ ይህን ሁሉ በፊቷና በእጇ ሠርታዋለች። የፖስታው ወረቀት ሲቀደድ የሚሰማው ድምፅ ብቻ በቂ ነበር። ቫዮሊኑ ግን ቅዳዱ ላይ ተኛበትና ዋጠው። የመድረክ ሙዚቃ ተዋናዩ መሥራት ያቃተውን ለማገዝ ከገባ ይቅር ይባላል፤ ተዋናዩ የሠራውን ለመሸፈን ከገባ ግን ከድምፅ ባለሙያው እጅ መወሰድ አለበት።

ጩኸቱም እንዲሁ። ዎልተር በመጀመሪያው ገቢር መጨረሻ ላይ ጣሪያ ደርሷል፤ ከዚያ በላይ የሚወጣበት ቦታ የለውም። ስለዚህ የመጠጥ መደብሩ ሸሪክ ቦቦ ዎልተር ያወጣው ገንዘብ የመጥፋቱን ወሬ ይዞ ሲመጣ የሚሰማው ጩኸት ቀድሞ የሰማነው ነው። በ1959 ዎልተርን የሠራው ሲድኒ ፖይቲየር ታሪኩ ከልጁ እንጂ ከእናቱ አንጻር መታየት የለበትም ብሎ መከራከሩን ራሱ ጽፏል፤ ክርክሩ እስካሁን በየዝግጅቱ ይነሳል። የአሁኑ አዘጋጅ ለዎልተር አድልቷል። ማድላቱ አያስነቅፍም፤ ግን ተዋናዩ መሪነቱን በድምፅ መጠን መያዝ አያስፈልገውም። ሃምሳ ሳንቲሟን በዚያ ዝምታ የያዘ ሰው ሌላውንም ይችላል።

ገንዘቡ የተከፋፈለበት ትዕይንት ላይ አንድ ቁጥር ጠፍቷል፤ ትንሽ ይመስላል፣ ብዙ ያበላሻል። ሊና ከ10,000 ውስጥ 3,500 ለቤቱ ቅድሚያ ክፍያ ሰጥታለች። የቀረውን 6,500 ለዎልተር ትሰጠዋለች፦ 3,000ው ለቢኒታ ትምህርት ባንክ ይግባ፣ የቀረው 3,500 ያንተ ነው፣ በእጅህ ነው ትለዋለች። የልጁ ድርሻ ከቤቱ ቅድሚያ ክፍያ ጋር እኩል መሆኑን ልብ ይሏል። ተዋናይቷ በዚህ ቦታ በእንባ እየታገለች ስለምትናገር 3,000ው ከጉሮሮዋ ወጥቶ አዳራሹ ግማሽ አይደርስም። በኋላ ቦቦ መጥቶ ዊሊ የተባለው ሌላው ሸሪክ ገንዘቡን ይዞ መጥፋቱን ሲናገር፣ ሊና ልጇን የእህትህን ገንዘብ ባንክ አላስገባህም ወይ ብላ ስትጠይቀው፣ ቁጥሩን ያልሰማ ሰው የጥያቄውን ጉድጓድ አያይም። ዎልተር የራሱን ብቻ ሳይሆን የእህቱንም ሕክምና ነው የበላው። ተዋናይቷ እያንዳንዱን ቁጥር ስትጠራ ገንዘቡን ለየብቻ ጠረጴዛው ላይ ብታስቀምጥ ዓይን ጆሮን ያግዘዋል።

ቦቦን የሚጫወተው ወጣት በሰባት ደቂቃ ሚና አዳራሹን ይዞ ወጥቷል። ኮፍያውን አያወልቅም፤ እንድትቀመጥ ሲባል ቆሞ ይቀራል፤ የራሱንም ጥሪት ማጣቱን የሚናገረው ሰው ሁሉ ወደ ዎልተር ዞሮ ማንም ሳያየው ነው።

ለአማርኛ ተመልካች የተለየ ክብደት ያለው ቅጽበት በሁለተኛው ገቢር መጀመሪያ ላይ አለ። ቢኒታ ናይጄሪያዊው ጓደኛዋ አሳጋይ ያመጣላትን ልብስ ለብሳ ስትጨፍር ዎልተር ጠጥቶ ይገባል፤ ከጭፈራው ውስጥ ዘሎ ገብቶ ጠረጴዛ ላይ ይወጣና ኢትዮጵያ እጆቿን ዳግመኛ ትዘርጋ ብሎ ይጮኻል። የመዝሙረ ዳዊቱ ቃል ነው፤ «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለው። ጥቁር አሜሪካውያን በአብያተ ክርስቲያናቸው ለትውልዶች የነጻነት ተስፋቸውን የተናገሩበት ጥቅስ ነው፤ በ1935 ጣልያን ሲወርርም ሐርለምና ቺካጎ አደባባይ የወጡት በዚሁ መንፈስ ነው። ለጸሐፊዋ ደግሞ የቤት ወሬ ነበር ማለት ይቻላል። አጎቷ ዊልያም ሊዮ ሃንስበሪ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካን ታሪክ ያስተማሩ ምሁር ናቸው፤ በ1934 ከዶክተር መላኩ በያን ጋር የኢትዮጵያ ምርምር ምክር ቤትን ካቋቋሙት አንዱ ሲሆኑ በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት ሸልሟቸዋል።

ዝግጅቱ በዚህ ቦታ ሁለት ነገር ማድረግ ይችል ነበር፤ የሳቅ ትዕይንት ብቻ አድርጎ ማለፍ ወይም ባንዲራ አውጥቶ ማስጨብጨብ። ሁለቱንም አላደረገም። ዎልተር ጥቅሱን ሲጀምር ስካር ነው፣ ሰው ይስቃል፤ ሁለተኛውን ቃል ሲል ድምፁ ይጸዳል፣ ጀርባው ይቀናል፣ ጠረጴዛው ላይ የቆመው ሰው ለአንድ አፍታ ሾፌር መሆኑ ይቀራል። ከዚያ የቢኒታ ሀብታም ወዳጅ ጆርጅ በሩን ያንኳኳል፤ ሁሉም ይፈርሳል። ይህን ለማድረግ የጠረጴዛው እግር መጠናከር ነበረበት፤ ተጠናክሯል፣ አንዴም አልተንገዳገደም። ልብሱ ላይ ግን ጥንቃቄ አልተደረገም። አሳጋይ ከናይጄሪያ የዮሩባ ሕዝብ ነው፤ ቢኒታ የለበሰችው ጨርቅ ከየትም የተገኘ «አፍሪካዊ» ጨርቅ ነው። የማንነት ጥያቄ በሚነሳበት ትዕይንት ላይ ይህ ቸልታ ያሳዝናል።

ሩትን የምትጫወተዋ ተዋናይት የዚህ ዝግጅት ልብ ናት። ሚናው ንግግር የሌለው ስለሚመስል ብዙ ጊዜ ይናቃል፤ ነገር ግን በብሮድዌይ ኦድራ ማክዶናልድ በ2004፣ ሶፊ ኦኮኔዶ በ2014 የብሮድዌይ ትልቁ የቴአትር ሽልማት የሆነውን ቶኒን ያገኙት በሩት ነው። እዚህም አዲስ ቤት መገዛቱ ሲነገራት የምታደርገው ነገር አለ፦ መጀመሪያ ግድግዳውን ታየዋለች፣ ቀጥላ መዳፏን ታስደግፍበታለች፣ ከዚያ ደህና ሁን ትለዋለች። ወዲያው «ፀሐይ ይገባዋል?» ብላ አማቷን ስትጠይቅ ድምፁ የሕፃን ነው።

ሦስተኛው ገቢር ላይ ዎልተር የሊንድነርን ገንዘብ ለመቀበል ወስኖ እንዴት ተንበርክኮ እንደሚለማመጥ ቤተሰቡ ፊት ያሳያል። ተዋናዩ ጉልበቱ መሬት ሲነካ የሚሰማው ድምፅ ጥሩ ነው፤ ሙዚቃም የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሊንድነር ሲመጣ ሊና ትራቪስን ከክፍሉ እንዳይወጣ ታደርገዋለች፤ አባቱ የሚያደርገውን ልጁ ይይ ትላለች። አዘጋጁ ልጁን በአባቱና በሊንድነር መካከል፣ ትንሽ ወደ ኋላ አቁሞታል። ዎልተር መናገር ሲጀምር ቃላቱ ይሰባበራሉ፣ ዓይኑ ልጁ ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ይቀናል። ይህ ንግግር መጮህ እንደሌለበት ተዋናዩ ገብቶታል፤ ወደ ቤታችን እንገባለን የሚለውን ከሞላ ጎደል በሹክሹክታ ነው ያለው። የመጀመሪያው ገቢር ከዚህ ቢማር።

ለማየት ለሚሄድ ሰው፦ ዝግጅቱ ከ15 ደቂቃ ዕረፍት ጋር 2 ሰዓት ከ50 ይፈጃል፤ ዕረፍቱ ከሁለተኛው ገቢር የመጀመሪያ ትዕይንት በኋላ ነው። ከመሐል ረድፍ ፊት ለፊት መቀመጥ ይመረጣል፤ በስተግራ ጥግ የተቀመጠ ሰው የሊናና የቢኒታን መኝታ በር አያይም። ከኋላ ረድፍ የትራቪስ ድምፅ አይደርስም። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ግን ወደ እናቱ ሲናገር ጀርባውን ለተመልካች ይሰጣል፤ ሩትን አንድ እርምጃ ወደ ፊት ማምጣት ብቻ ይበቃዋል። ከ10 ዓመት በላይ ያሉ ልጆችን ይዞ መሄድ ይቻላል።

መጨረሻው ላይ ዕቃው ተጭኖ ሁሉም ይወጣል። ሊና ብቻዋን ትቀራለች፤ ትወጣለች፤ በሩ ይከፈትና አበባዋን ረስታ ተመልሳ ትገባለች። በዚህ ዝግጅት አበባው እውነተኛ ነው፣ በቆርቆሮ የተተከለ፣ ግንዱ በክር ከእንጨት ጋር የታሰረ። አንስታው ስትወጣ አንድ ቅጠል መስኮቱ ደፍ ላይ ወድቆ ቀረ፤ ታስቦበትም ይሁን በአጋጣሚ አይታወቅም፣ ሆኖም ባዶው ቤት ውስጥ የቀረው እሱ ብቻ ነበር። የመብራት ባለሙያው ግን በሩ ከመዘጋቱ በፊት አጨለመው። በሩ ይዘጋ፣ የቁልፉ ድምፅ ይሰማ፣ ብርሃኑ በመስኮቱ ደፍ ላይ 3 ሰከንድ ይቆይ፤ ከዚያ ይጨልም።